ከመርከብ ወርዶ ጎርጎራን ማየት

ወደብ የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ የአብዛኞቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ ቀይ ባሕር ነው። ምጽዋና አሰብ በታሪክ መጽሐፍና በአባቶቻችን ወሬ ውስጥ ይኖራሉ፤ ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የተወለድን ወጣቶች ግን ወደብን የምናውቀው በካርታ ላይ እንጂ በእግራችን ረግጠን አይደለም። ከዚህም የተነሣ ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት አገር ናት ብለን እንደመድማለን። አባባሉ ስለ ባሕር ከሆነ እውነት ነው፤ ስለ ውሃ ከሆነ ግን ጎደሎ ነው። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ መርከብ የሚቆምበት፣ ጭነት የሚራገፍበት፣ ንጉሥ የከተመበት፣ ጠላትም መሠረት የጣለበት አንድ ወደብ አለ፤ ስሙም ጎርጎራ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በውሃ ወደ ሰሜን የመጣ መንገደኛ ከመርከብ እንደ ወረደ አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ጕዞው አለቀ›› ብሎ ዕቃውን በመኪና ይጭንና ወደ ጎንደር ይገሠግሣል። ጎንደር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ በመሆኗ የፋሲል ግንብ ከሩቅ ይጠራዋል። ነገር ግን ያ ግንብ ከመታነጹ አስቀድሞ የፋሲል አባት የከተሙት መርከቡ ከሚቆምበት ዳርቻ ብዙ ሳይርቁ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ በጎርጎራ የመርከቡ ጕዞ ሲያልቅ የእግሩ ጕዞ መጀመር እንዳለበት ማሳየት ነው።

ይኸንንም የምጽፈው በተለይ ለተማሪዎችና አዲስ ሥራ ለያዙ ወጣት ሹማምንት ነው። ጎርጎራ ሦስት ጊዜ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ተሠርታለች፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሠሪዎቿ ጥለዋት ሄደዋል። ለምን እንደ ተተወች መመርመር፣ ነገ በእጁ ማኅተም ለሚይዝ ሰው ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል።

የውሃው መንገድ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን በዚያው ልክ የሚገምት ሰው ግን ይገረማል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። 37 የሚሆኑ ደሴቶች በላዩ ተበትነዋል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ በደቡብ በኩል በባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ይወጣበታል።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። በመሐል ሜዳና በጓሳ ዙሪያ ያደገ ልጅ ውሃ ሲባል የሚያውቀው ምንጭና በክረምት የሚሞላ ጅረት ነው፤ ባና ለብሶ በብርድ የሚጠብቀውም በግ እንጂ መረብ አይደለም። ‹‹ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል›› የሚለው ተረት የተተረተው ለእኛ ይመስለኛል። በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ በሞተር ጀልባ ወደ ሰሜን ስንሄድ፣ ዳርቻው ከዓይናችን በተሰወረ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ውሃ በመንዝ ሜዳ ላይ ጧት ጧት ከሚተኛው ጉም በቀር የማወዳድርበት ነገር አላገኘሁም። ጉሙ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ ጣና አይሄድም። ባለ ጀልባው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩና ‹‹አባባ፣ መቼ እንደርሳለን?›› ብለን በጠየቅናቸው ቍጥር፣ ‹‹ልጆቼ፣ ውሃ ላይ መቼ አይባልም፤ ነፋሱ ሲፈቅድ ነው›› ይሉን ነበር።

በእውነትም የዚህ ውሃ መንገድ ችኮላ አያውቅም። ከባሕር ዳር የሚነሣው የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ ለረጅም ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ እየተነሣ፣ የደቅን ደሴት ነክቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ በማግስቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ አገር ጎብኚ ሳይሆን የደሴትና የዳርቻ ሰው ነበር፤ እህሉን፣ ዶሮውንና ፍየሉን ይዞ ገበያ የሚወጣ፣ ሕመምተኛ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ወይም ለንግሥ የሚሻገር ሰው ነው። ከመርከቡም በፊት ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነበረ። ታንኳን በመሥራት በተለይ የታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ሆኖም አንድ ሰው በእጁ ሊሠራው የሚችል መርከብ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በመንገዱ ላይ ዘጌ በቡናው ደን ተሸፍኖ ይታያል፤ ከዚያ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም በደሴቱ ዳር ትታያለች። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ዳጋ የሩቅ ቦታ ሊሆንበት አይገባም፤ ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አፅም በዚያ ይጠበቃልና። በዚያው ገዳም የዐፄ ፋሲለደስም አፅም አለ። ስለ እኚህ ንጉሥ ጥቂት ቈይቼ አነሣለሁ።

ከጎርጎራ ከመድረሳችን በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። መርከብ የሚሄደው ውሃ እስካለ ድረስ ነው። በ1988 ዓ.ም. በሐይቁ መውጫ ላይ በጨረጨራ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ የዓባይ ፍሰት ለኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ እንዲመች ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ባነሰና ውሃው በብዛት በተለቀቀ ጊዜ የሐይቁ ከፍታ ከልክ በላይ ወረደ፤ መርከቦችም አራት ወር ያህል ሥራ ፈትተው ቆሙ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ከዚሁ ሐይቅ ውሃ ይወስዳል። መብራቱ የሁላችንም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን በአንድ መሥሪያ ቤት የተከፈተ በር በሌላ ዳርቻ የመርከብን መንገድ እንደሚዘጋ ያ ዓመት በግልጥ አስተምሯል።

ቤት ላይ ቤት

አሁን ጎርጎራ ደርሰናል። ይህ ምድር ለምን የንጉሥ ከተማ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን ከዐፄ ሱስንዮስ ይጀምራል። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች እጅ ተማርከው ያደጉ፣ በጐልማሳነታቸውም በሸዋና በወለቃ ሸፍተው የዞሩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የእኛን ደጋ በእግራቸው ያውቁታል። ከ1600 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1624 ዓ.ም. ነገሡ። የክረምቱን ወራት የሚያሳልፉበትና ሠራዊታቸውን የሚያሳርፉበት ስፍራ ሲፈልጉ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ መረጡ፤ ውሃ፣ ዓሣ፣ ሣርና እንጨት በአንድ ላይ የሚገኝበት፣ ከሦስት ወገንም በውሃ የተከበበ ልሳነ ምድር ያለበት ነውና።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ከነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ዋናው ስፔናዊው ጴጥሮስ ጳኤዝ ነበር። በየመን ለዓመታት በቱርኮች እጅ ታስሮ የቈየ፣ ከዚያም ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛና ግዕዝ የተማረ ሰው ነው። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ አይቷል፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚያ የደረሰው ከዚህ ከ150 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ጳኤዝ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ የጻፈ ሲሆን በ1614 ዓ.ም. በዚሁ በጎርጎራ ዐርፏል።

ለንጉሡም ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ተሠራላቸው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ነገሥታቱ በድንኳን ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ ስለ ነበር ሕዝቡ በቤት ላይ ሌላ ቤት ተጭኖ ባየ ጊዜ ተደንቆ ‹‹ቤት ላይ ቤት›› አለው ይባላል። ብዙ ሳይቈይም የኖራ አጠቃቀም ታወቀ፤ ከህንድ የመጡ ግንበኞችም ተሳተፉበት። ዛሬ የምንኰራባቸው የጎንደር ግንቦች በአንድ ሌሊት ከመሬት እንዳልፈለቁ፣ እጅና መዶሻ አስቀድሞ በጣና ዳር መለማመዱን ጎርጎራ ትመሰክራለች።

ነገር ግን የጎርጎራ ታሪክ የግንብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ጳኤዝ ታጋሽና ጥንቁቅ ሰው ነበር ይባላል፤ እሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ አጽዋማትና በዓላትም እንዲለወጡ አደረገ። የንጉሥ ትእዛዝ በአዋጅ ነጋሪት ተነገረ። ሕዝቡ ግን በነጋሪት የሚለወጥ አልነበረም። በየአገሩ ዓመፅ ተነሣ፤ በላስታ መልክአ ክርስቶስ ሸፈተ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ በሜዳው የወደቀው ግን 8,000 ያህል የገዛ ሕዝባቸው እንደ ነበረ ይነገራል። ልጃቸው ፋሲለደስ ሬሳውን እያሳዩ፣ የሞቱት ወገኖቻችን ናቸውና ይህ ድል ምን ይረባናል በማለት አባታቸውን እንደ ተማጠኑ ተጽፏል። በዚያው ወር ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ጥቂት ወራት ቈይተውም ዐረፉ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ መናገሻቸውንም ከሐይቁ ዳር ርቀው በጎንደር ቈረቈሩ።

ከዚያ ወዲህ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ መንገድ ሁሉ ወደ ጎንደር ሆነ። የእኛው የመንዙ ነጋሢ ክርስቶስ ሹመቱን ከንጉሡ እጅ ለመቀበል ሩቁን መንገድ ተጕዞ ጎንደር ከገባ በኋላ በፈንጣጣ እንደ ሞተ ይነገራል። ጎርጎራ ግን ከመንገዱ ወጣች። አንድ ትውልድ ያህል የንጉሥ ከተማ ሆና ቈይታ፣ ግንቦቿ ለአረምና ለጉጉት ቀሩ።

በእግር የሚታየው

ከወደቡ ብዙ ሳይርቁ በዛፍ ጥላ ውስጥ ደብረ ሲና ማርያም ትገኛለች። ከጣርማ በር ሥር ያለችውን የእኛን ደብረ ሲና የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ሙሴ ሕግ ከተቀበለበት ተራራ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ክብ፣ ጣሪያዋም የሣር ክዳን ነው። ከውጭ ለሚያያት የአንድ ደኅና ገበሬ ቤት ትመስላለች። በውስጧ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል፤ ሥዕሎቹ የ17ኛው ምእት ዓመት የጎንደር ዘመን መጀመሪያ አሳሳል ምስክሮች ናቸው። ሥዕሉን ካሠሩት አንዷ የፋሲለደስ እኅት መለኮታዊት መሆኗ ይነገራል፤ ከሥዕሎቹም በአንዱ ላይ ተሥላለች።

ልብ በሉ፤ የንጉሡ የድንጋይ ቤት ፈርሷል፤ የሣር ክዳኗ ቤት ግን ቆማለች። ድንጋዩ ከሣሩ ስለሚደክም አይደለም። ሣሩ በየጊዜው እየተነቀለ በሰፈሩ ሰው እጅ እንደ ገና ስለሚከደን ነው። ባለቤት ያለው ሣር ባለቤት ከሌለው ድንጋይ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ከወደቡ በስተ ምዕራብ፣ በጀልባ ቢሄዱት የሚቀል ሌላ ልሳነ ምድር አለ፤ አዲሲቱ ጎርጎራ የተባለችው የኢየሱሳውያን ሰፈር የነበረችው በዚያ ነው። የአካባቢው ሰው ፍርስራሹን ማርያም ግምብ ይለዋል። በኖራ የተያያዘ ግድግዳ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አበባ፣ ከሮማውያን አሠራር የተወሰደ ዓምድ በቍጥቋጦ መካከል ይታያል። ጣሪያው በአብዛኛው ወድቋል፤ የዛፍ ሥር በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይበረግደዋል። ከማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የስፔን አርኬዎሎጂስቶች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በዚህና በመሰሎቹ ስፍራዎች ቈፍረው መርምረዋል፤ ውጤቱንም በመጽሐፍ አሳትመዋል። ቦታውን ያየ ሰው ግን የሚያስበው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለሚመጣው ክረምት ነው፤ አንድ ኀይለኛ ዝናብ ከዚያ ግድግዳ ላይ ምን ያህሉን ይዞ እንደሚሄድ ማንም አይገምትም።

ከዚህ ሌላ የማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም በአቅራቢያው አለ፤ ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸውና እኅቶቻችን ከዳር ሆነው ለማየት ይገደዳሉ። መነኮሳቱ በሥራና በጸሎት ይኖራሉ።

ሁለተኛው ሠሪ

ጎርጎራን እንደ ገና ከእንቅልፍ የቀሰቀሳት ጠላት ነበር። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጎንደርን በውሃ ከጣና ደቡብ ለማገናኘት በጎርጎራ የመርከብ ማቆሚያ ሠራ። በኮረብታው ላይ ከዚያ ዘመን የቀረ ሐውልት እስከ ዛሬ ሐይቁን ቍልቍል ያያል። ፋሽስቱ ለዘለዓለም የሚኖር መስሎት ነበር። በኅዳር 1934 ዓ.ም. በጎንደር የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ ግን የቀረለት ሐውልቱ ብቻ ሆነ። ማቆሚያው ግን ጠቀመን፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ መርከብ ሲቆምበት ኖረ። ሠሪው የሄደበትን ወደብ ሕዝቡ ስለ ተጠቀመበት ብቻ ሕይወት አገኘ። በኋላ መኪናና መንገድ እየበዛ ሲሄድ የውሃው ተሳፋሪ አነሰ፤ ጎርጎራም እንደ ገና አንቀላፋች።

ሦስተኛው ዘመን

በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ‹‹ገበታ ለሀገር›› በተባለው ዕቅድ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች፤ በሐይቁም ዳር ሰፊ የመዝናኛ ሪዞርት ተሠራባት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ‹‹ጣናነሽ 2›› የተባለችው ትልቅ መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ያንን ሁሉ አቀበትና ቍልቍለት በመኪና ተጭና ባሕር ዳር ገባች። መርከብ በተራራ ላይ ስትጓዝ ያየ ገበሬ ምን እንዳለ መስማት ደስ ባለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ከፊታችን ቆመዋል። አንደኛው ሰላም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን አስፈርቶታል፤ የዳርቻውንም ሰው ገበያ ጐድቶታል። እንግዳ የሚመጣው መንገድ ሲታመን ነው፤ ይህን በማስታወቂያ መተካት አይቻልም።

ሁለተኛው እንቦጭ ነው። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን መነሻውም በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነበር። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን ዕጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያል፤ ከእርሻ እየታጠበ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ይቀልበዋል። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ታንኳ አይሄድበትም፤ መረብ አይጣልበትም፤ ዓሣውም ትንፋሽ ያጣል። ጣና ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 የሚያህሉ የነጭ ዓሣ ዘሮች የሚኖሩበት ነው። ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የብዝሃ ሕይወት ክልሎች መዝገብ ያገባውም እንዲህ ያለ ሀብት ስላለበት ነው። በ2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር በተደረገው ዘመቻ ገበሬው፣ ተማሪውና ሠራተኛው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ነገር ግን ዘመቻ ወር አለው፤ አረም ወር የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከወጣት ጸሐፊ ትልቅ ዕቅድ አይጠበቅም፤ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ግን መናገር ይቻላል። መጀመሪያ፣ የሕዝቡ መርከብ ቀኑንና ሰዓቱን ያክብር። አገር ጎብኚ ይምጣም አይምጣ፣ የደቅና የቁንዝላ ሰው ገበያውንና ሐኪሙን የሚያገኘው በዚያ ነው፤ የሕዝብ መርከብ የሚሄድበት ወደብ አይሞትም። ሁለተኛ፣ ከሪዞርቱ እስከ ደብረ ሲናና እስከ ማርያም ግምብ ድረስ መንገድ የሚመሩት፣ ታንኳ የሚቀዝፉት፣ ዓሣ የሚያበስሉት የዚያው ሰፈር ልጆች ይሁኑ፤ ሥዕሉን ለዘመናት የጠበቁት አባቶቻቸው ናቸውና። ሦስተኛ፣ በማርያም ግምብ ላይ የበቀለው ዛፍ በዐዋቂ እጅ ይነሣ፤ ስንጥቁም ይደፈን። ይህ ከአንድ ስብሰባ የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም።

ጎርጎራ ለሱስንዮስ ውብ ከተማ ነበረች፤ ለጣሊያንም ጠቃሚ ወደብ ነበረች። ሁለቱም ግን ከአካባቢው ሰው ሳይመክሩ ሠሩ፤ ሲሄዱም የሚያዝንላቸው አልተገኘም። አሁን የሚሠራው የእኛው ነውና የሣር ክዳኗን ቤት ምሥጢር ቢማር ይበጀዋል። ይህን የሚያነብ ተማሪ ወይም ወጣት ሹም፣ መንገዱ በሰላም የተከፈተ ዕለት በውሃው በኩል ይሂድ፤ ከመርከብ ሲወርድም መኪና አይጥራ። በመጀመሪያ ደብረ ሲናን ይጠይቅ፤ ከዚያም ባለ ታንኳውን ያነጋግር። ጎንደር አትሸሽም፤ በማግስቱ ይደርስባታል።